የእንጀራ ልጅ እንጀራ

አማርኛችን ሰው ሥራ ፍለጋ ከአገሩ ሲወጣ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ይለዋል። እንጀራው እኮ እዚያው እናቱ ቤት ምጣድ ላይ ነበር! እሱ ግን ሊፈልገው ይሄዳል። ሄዶ፣ ለፍቶ፣ ደመወዝ የሚባለውን እንጀራ ካገኘ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ፍለጋ ይጀምራል። አሁን የሚፈልገው የጤፉን ነው። ባህር ማዶ ያለ ወገናችን ቅዳሜና እሁዱን የሚጨርሰው በዚህ በሁለተኛው ፍለጋ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። «እዚያ ሱቅ ያለው ይሻላል።» «ተው እባክህ፣ ሩዝ ይቀላቅላሉ።» «እንትና ሰፈር ሂድ፣ ኦሪጂናሉ እዚያ ነው።»

ይህች «ኦሪጂናል» የምትባል ቃል ከመርካቶ የጫማና የቴፕ ሱቅ ወጥታ ማዕድ ቤት ከገባች ሰነበተች። ሽሮው ኦሪጂናል፣ ቅቤው ኦሪጂናል፣ እንጀራው ኦሪጂናል። የጫማውስ ይሁን፤ ፋብሪካ አለው፣ ማኅተም አለው። የእንጀራው ፋብሪካ የት ነው? ማኅተሙንስ የያዘችው የማን እናት ናት?

ይህን ለመጠየቅ ዋሽንግተን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ሆሞሻ ይበቃል። ሆሞሻ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ ማሽላው፣ ቀርከሃውና ማንጎው ከሚታወቅበት አገር የምትገኝ ወረዳ ናት። ወደዚያ ተመድቦ የሄደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ ሲያጫውተኝ፣ «መምህር፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ የሚበላ ግን የለም» አለኝ። ረሃብ ገብቶ እንዳይመስላችሁ። ዘርዝር ብዬ ስይዘው፣ «እንጀራማ ይገኛል፤ ግን የማሽላ ነው። በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ኦሪጂናል አይደለም» አለ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ አሰምርበት ነበር፤ «የሚበላ የለም» ማለትና «የማውቀው የለም» ማለት አንድ አይደሉምና።

ለመሆኑ የማሽላ እንጀራ ኦሪጂናል አይደለም ያለው ማነው? በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በፈቃዱም ያለፈቃዱም እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አሶሳ አንዷ መድረሻ ነበረች። ከቆላው ወሎ፣ ከቆቦና ከራያ አካባቢ ለመጣ ሰው የማሽላ እንጀራ ምትክ አይደለም፤ እንጀራ ነው። እናቱም አያቱም የጋገሩት እሱን ነው። ከደጋው የመጣው ደግሞ ትዝታው ሌላ ነው። ሁለቱም ወሎዬ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ መኪና ላይ ተጭነው የመጡ፣ ግን «የአገሬ እንጀራ» ሲሉ የሚያስቡት ለየቅል ነው።

አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ አንዲት እናት ስለዚያ ጊዜ ያጫወቱኝ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሊጡ አስቸግሯቸው ነበር። በአገራቸው በለመዱት ቀን ቆጥረው ሲያቦኩ ሙቀቱ ቶሎ ያኮመጥጠዋል፤ ቀን ሲቀንሱ ደግሞ ዓይን እንቢ ይላል። እርሾው የአገራቸው አይደለም፣ ምጣዱ የአገራቸው አይደለም፣ እንጨቱ እንኳ ቀርከሃ ነው፤ ቶሎ ነድዶ ቶሎ ይጠፋል። «አንድ ክረምት ሙሉ ስናበላሽ ከረምን፤ ከዚያ እሺ አለን» አሉኝ። እንጀራው ነው «እሺ ያላቸው»፣ ልብ አድርጉ። እኔ ስለ ባህል መጠበቅ በየስብሰባው ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይህች አንድ ክረምት ትበልጥብኛለች። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የሚያውቁት እንጀራ ይኸው እሺ ያለው ነው። ከእሱ ሌላ ኦሪጂናል ቢያመጡላቸው «ይሄ ደግሞ የማን አገር ነው?» ይሉ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ አካባቢው ባለቤት እንምጣ። የበርታ ሰው ከማሽላ ወፍራም ገንፎ ያገነፋል፤ ማባያው ባሚያ ያለበት ወጥ ነው። ክረምት ሲገባ ገና ከመሬት ብቅ ያለው የቀርከሃ ቡቃያ ተቆርጦ ይቀቀላል፣ ይበላል። ተማሪዬ «የሚበላ የለም» ባለበት አገር ማለት ነው። ይህ ሕዝብ የሚኖረው በድንበሩ በሁለቱም በኩል ነው። ድንበሩን ያሰመረው አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር የተፈራረሙት ውል ነው፤ ድስቱን ግን ውሉ አልከፈለውም። ማዶም ገንፎ ነው፣ ወዲህም ገንፎ ነው። ማዶ «አሲዳ» ይሉታል።

በሆሞሻ ወረዳ የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህም ሱዳን በታመመች ቁጥር ሰው በዚህ በኩል ይመጣል፤ በ2011 በብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሣ መጣ፣ በ2023 የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ሲታኮሱ ደግሞ በኩርሙክ በኩል መጣ። ይዘውት ከመጡት ነገር አንዱ ኪስራ ነው። ኪስራ እንደኛው እንጀራ የቦካ ነገር ነው፤ የማሽላው ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ይፈስስና በዘንባባ ቅጠል መግፊያ እየተገፋ ወረቀት እስኪያክል ይሳሳል። ዓይን የለውም፣ አይነፋም። እጅ የሚፈትን ሥራ ነው፤ ዘግየት ካሉ ያርራል፣ ከቸኮሉ ይቀደዳል።

እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩልኝ። ከኩርሙክ ማዶ ነፍሱን ይዞ የሮጠው ሰው ሆሞሻ ሲደርስ ማሽላውን ያውቀዋል፣ ባሚያውን ያውቀዋል፣ የጎረቤቱን ድስት ሽታ ያውቀዋል። አገሩ የገባ ያህል ባይሆንም አፉ አልተሰደደም። «የሚበላ የለም» ያለው መታወቂያ ያለው፣ ደመወዝተኛው፣ በገዛ አገሩ የተመደበው ዜጋ ነው። ሸርቆሌ ውስጥ ግን በእውነት አፋቸው የተሰደደባቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከሩዋንዳ ድረስ የመጡ። ካሳቫና ሙዝ ላደገ ሰው የማሽላ አገር ሩቅ ነው።

ኦሪጂናል ፍለጋው የእኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን አጠገብ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ብዙ ሐበሾች ከቬትናሞች ጋር በአንድ ሠፈር ይኖራሉ። ቬትናሞቹ «ፎ» የሚሉት ሾርባ አላቸው፤ የበሬ አጥንት ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ በቅመም ታጅቦ፣ ከሩዝ የተሠራ ኑድልስ ላይ የሚፈስስ። ስለ ኦሪጂናሉ የሚከራከሩት ልክ እንደኛ ነው። ታሪኩን ስታዩት ግን ያስገርማል። ፎ የተወለደው በሰሜኑ፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው፤ ማለትም የምኒልክ ዘመን እኩያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰሜኔ ወደ ደቡብ ተሰደደና ሾርባውን ይዞ ወረደ። ደቡቦቹ የባቄላ ቡቃያ፣ ጥሬ ቅጠላ ቅጠል፣ ጣፈጥ ያለ ስጎ ጨመሩበት። በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ደግሞ የደቡቡ ሰው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አውስትራሊያ ተበተነ። ስለዚህ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በብዛት «ኦሪጂናል ፎ» ተብሎ የሚሸጠው የደቡቡ ነው፤ የሃኖይ አዛውንት ቢቀምሱት «ይህን ሁሉ ቅጠል ማን አዘዘው?» ማለታቸው አይቀርም። ከሁሉ ደስ የሚለኝ የምግብ ቤቶቻቸው ስም ነው። «ፎ 75» የሚባል አለ፣ «ፎ 54» የሚባል አለ። ቁጥሩ ዓመተ ምሕረት ነው። ሰዎቹ ቢያንስ ሐቀኞች ናቸው፤ የሾርባቸው ኦሪጂናል ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ታፔላው ላይ ጽፈውታል።

የእኛስ ታፔላ ላይ ዓመት ቢጻፍ? ማማ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1978 ዋሽንግተን ውስጥ በስማቸው የተጠራው ምግብ ቤት ሲከፈት ጤፍ እንደልብ አልነበረም። የዚያ ዘመን ሐበሻ እንጀራውን የጋገረው ከስንዴና ከገብስ፣ ከሱፐርማርኬት በካርቶን ከሚገዛ የፓንኬክ ዱቄት ነው፤ እንዲነፋለት ጋዝ ያለበት ውኃ ያፈሰሰበትም ነበር። ኋላ ዌይን ካርልሰን የሚባል፣ እኛ አገር ሠርቶ የሄደ አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ዘርቶ ለሐበሻው መሸጥ ጀመረ። መንግሥታችን የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከልክሎ በ2015 ገደማ ላላ ሲያደርግ፣ በመካከሉ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን «የእኔ ፈጠራ ነው» ብሎ የአውሮፓ ፓተንት አውጥቶበት ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ለሆላንድ ውድቅ አደረገው። ኦሪጂናሉን በሕግ አጥር ልንጠብቅ ስንሞክር አይዳሆ ሲያመርት፣ ሆላንድ ሲፈርም ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ በፓንኬክ ዱቄት ያደጉት የስደተኛ ልጆች አሁን ጎልማሶች ናቸው። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ መጥተው በሰርገኛ ጤፍ ሲስተናገዱ «የእማዬ ይሻላል» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ወላጆች ይሥቃሉ። ልጆቹ ግን እውነታቸውን ነው።

በሥነ ቃል ትምህርት ላይ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ከእነዚህ ሁሉ ዓይነቶች የተረቱ ትክክለኛ የትኛው ነው?» መልሴ ሁልጊዜ «ማን፣ ለማን፣ መቼ ነገረው?» የሚል ነበር። ጎጃም የተነገረው የጦጣ ተረት ወለጋ ላይ ዝንጀሮ ቢያስገባ አልተበላሸም፤ ተነገረ እንጂ። እንጀራውንም በዚሁ መልክ ነው የማየው። ይህ ማለት ግን ጀሶና ሳጋቱራ ቀላቅሎ የሚሸጠውንም «የራሱ ዓይነት ነው» እያልኩ ማለፌ አይደለም። እሱ ወንጀለኛ ነው። ሰው የሚያውቀውን ለመብላት ባገኘው መሥራቱና ሰውን ማታለል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የየትኛውንም ከተማ ታፔላ ተመልከቱ፤ «የባህል ምግብ ቤት» ይላል። አሶሳም ይላል። ገብታችሁ የምግብ ዝርዝሩን ስታዩት ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ሽሮ፣ በየዓይነቱ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ያላችሁ እንደሆነ አስተናጋጇ ፈገግ ትላለች፤ «እሱ እንኳ ቤት ነው የሚሠራው» ትላለች። የባለቤቱ ምግብ በገዛ አገሩ «ቤት ነው የሚሠራው»፤ የእንግዳው ምግብ «የባህል» ነው። የማሽላ እንጀራንም በጤፍ ፊት የእንጀራ ልጅ ያደረገው ይኸው ዓይን ነው። ጤፉ የወላጅ ልጅ ሆኖ መሶቡ መሐል ይቀመጣል፣ ማሽላው ጓዳ ይቀራል።

ይህ የጣዕም ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩበት። ነገር ግን ወደ ራሽን ሲደርስ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። ስደተኛ የሚበላውን አይመርጥም፤ ይታደለዋል። አንድ ወር ስንዴ፣ አንድ ወር ማሽላ ወይ በቆሎ፣ ከእሱ ጋር ጥቂት ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ ጨው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዕርዳታ እህል በብዛት ተመዝብሯል ተብሎ በሰኔ ወር የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ላሉ ስደተኞች ጭምር እደላውን አቆመ፤ እንደገና የጀመረው በጥቅምት ነው። አራት ወር ገደማ። በቶን የመዘበረው ሌላ፣ በጣሳ የተቀበለው ሌላ፤ የጦመው ግን ባለ ጣሳው ነው።

እደላ ባለበት ጊዜም ቢሆን በየትኛውም የስደተኞች ጣቢያ የሚታይ ነገር አለ። ሰው ከተሰጠው ስንዴ ከፊሉን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ለወፍጮ ይከፍላል፣ ሽንኩርት ይገዛል፣ የሚያውቀውን እህል ይገዛል። ይህ ሲሆን የሚጻፈው ሪፖርት ቃሉ የታወቀ ነው፤ «የዕርዳታ እህል ገበያ ላይ ተገኘ» ይላል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን የጤፍ እንጀራ ፍለጋ 40 ደቂቃ መኪና ሲነዳ «ባህሉን ያልረሳ» እንለዋለን፤ ከቦሌ በአውሮፕላን የተጫነ እንጀራ በእጥፍ ሲገዛ «አገሩን የሚወድ» እንለዋለን። ሸርቆሌ ያለችው እናት አንድ ጣሳ ስንዴ ሸጣ ግማሽ ጣሳ ማሽላ ስትገዛ፣ አቡክታ፣ በዘንባባ መግፊያዋ ገፍታ ለልጆቿ ኪስራ ስታወጣ ግን ስሟ የሚነሣው በኦዲት ላይ ነው። የሚታደለው እህል ምን እንደሚሆን ሲወሰን እሷን የጠየቀ ሰው ነበር ወይ? ማሽላው እኮ ሆሞሻ ገበሬ ማሳ ላይ፣ ከጣቢያው አጥር ብዙም ሳይርቅ ቆሟል።