አጽመ ርስት በሥዕል አዳራሽ

በአውስትራልያ ዋና ከተማ በካንቤራ፣ በብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነና ላያቸው በቀለም ያጌጠ ሁለት መቶ ግንዶች ቆመው ይታያሉ። ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ረጅሙ ከሦስት ሜትር ያልፋል። ሁሉም የሬሳ ሣጥኖች ናቸው፤ ነገር ግን በአንዳቸውም ውስጥ አጥንት የለም። ይህን ሥራ በ1987 እና በ1988 የፈጸሙት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሰሜናዊው በአርነም ምድር፣ በራሚንጊኒንግ መንደርና በአካባቢዋ የሚኖሩ 43 ሠዓልያን ናቸው። ሐሳቡን ያመነጩትና ሥራውን ያስተባበሩት በዚያን ጊዜ የመንደሩ የሥነ ጥበብ አማካሪ የነበሩት፣ ከምሥራቁ ጠረፍ ከባንጃላንግ ሕዝብ የተወለዱት ጆን ማንዳይን ናቸው። ስሙም «የአቦሪጂን መታሰቢያ» ይባላል።

ስለ ማንነት፣ ስለ ተፈጥሮና ስለ እምቢታ እንናገራለን የሚሉ የኅብረት ትርዒቶች በዛሬው ዘመን በየአገሩ በዝተዋል። አብዛኛዎቹ ግን ሦስቱን ነገሮች የሚያገናኙአቸው በመግቢያው ግድግዳ ላይ በተጻፈ ቃል ነው እንጂ በሥራው ውስጥ አይደለም። ከሥራዎቹ አንዱ ቢነሣና ሌላ ቢተካበት ትርዒቱ አይናጋም። በካንቤራው ሥራ ግን ሦስቱን ለያይቶ ማየት የማይቻልበት ምክንያት አለ፤ ይህም ምክንያት የሚገኘው ከሠዓሊዎቹ የቀብር ሥርዓት ላይ ነው።

በአርነም ምድር ሰው ሲሞት ቀብሩ በአንድ ቀን አያልቅም። ከመጀመሪያው ሥርዓት በኋላ ጊዜ አልፎ አጥንቱ ይሰበሰባል፣ ይጸዳል፣ በቀይ አፈር ይቀባል። ከዚያም ምስጥ ውስጡን በልቶ ባቦረቦረው ግንድ ውስጥ በዘፈንና በጭፈራ ይገባል። እንዲህ ያለው ግንድ በአገሩ ቋንቋ ዱፑን ይባላል። ላዩ በነጭ ሸክላ፣ በቀይና በቢጫ አፈር፣ በከሰልም ይሣላል። ሥዕሉም ሟቹ የተወለደበት ነገድ የራሱ ምልክት ነው። ወደ ጫፉ አካባቢ ብዙ ጊዜ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ፣ የሟቹ ነፍስ አገሯን የምትመለከትባት መስኮት ናት ይላሉ። ሥርዓቱ ሲፈጸም ግንዱ በሜዳ ቆሞ ይቀራል፤ ዝናቡና ፀሐዩም ቀስ በቀስ ወደ አፈር ይመልሱታል። የግንዱ እንጨት ከባሕር ዛፍ ወገን ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ባሕር ዛፍን ከአጤ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከአውስትራልያ መጥቶ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የዋለ እንጨት አድርጎ ስለሚያውቀው፣ የዚሁ ዛፍ ዘመድ በትውልድ አገሩ የአባቶች አጥንት ማደሪያ መሆኑን ሲሰማ ሳይደነቅ አይቀርም።

የግንዶቹ ቍጥር ሁለት መቶ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የእንግሊዝ መርከቦች በካፒቴን አርተር ፊሊፕ መሪነት በጃንዋሪ 26 ቀን 1788 በሲድኒ ወደብ ሰፈሩ። መንግሥት በ1988 የዚህን ቀን ሁለት መቶኛ ዓመት በታላቅ በዓል ሲያከብር፣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ነባር ተወላጆችና ደጋፊዎቻቸው በሲድኒ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። የራሚንጊኒንግ ሠዓልያን ድርሻቸውን ያቀረቡት በሌላ መንገድ ነው። በእያንዳንዱ ዓመት ፈንታ አንድ የሬሳ ሣጥን ሠሩ። ሣጥኖቹም አገራቸውን ሲከላከሉ ለሞቱትና ተገቢው የቀብር ሥርዓት ላልተፈጸመላቸው ሁሉ ናቸው። ሥራው በዚያው ዓመት በሲድኒ የዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ወደ ካንቤራ ተወሰደ።

ተመልካቾች ግንዶቹን በደን ይመስሏቸዋል። አባባሉ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ማንዳይንም ራሳቸው በደንና በጦር መቃብር መስለውታል። ነገር ግን ደን ብሎ ማለፍ ከሥራው ዋናውን ነገር ያስቀራል። በግንዶቹ መካከል የሚያልፈው መንገድ የግላይድን ወንዝ መሄጃ ይከተላል፤ ይህም ወንዝ በአራፉራ ረግረግ አድርጎ ወደ ባሕር የሚገባ ነው። እያንዳንዱ ነገድ የሣላቸው ግንዶች የቆሙትም ነገዱ በወንዙና በገባሮቹ ዳር በሚኖርበት ስፍራ መጠን ነው። እንግዲህ አዳራሹን የሚያቋርጥ ሰው ባያውቀውም እንኳ በባለቤቶች ርስት መካከል እየተራመደ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር የሚሆን ቃል ከአባቶቹ ወርሷል፤ እርሱም «አጽመ ርስት» ነው። አጥንትና መሬት በአንድ ቃል መጣመራቸው የባለርስትነት ማስረጃ ከአባት አጥንት ተለይቶ እንደማይታይ ያስረዳል። የሁለቱ አገሮች የመሬት ሥርዓት እጅግ የተለያየ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ቃሉ ሥራውን ለመረዳት ከ«ደን» ይልቅ ይረዳል። የእንግሊዝ ሕግ አገሩን ባለቤት እንደሌለው ባዶ መሬት ቈጥሮት ነበር። የአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን አስተሳሰብ የሻረው በ1992 በማቦ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ነው። ሠዓልያኑ የወንዛቸውን ባለርስቶች በየስፍራቸው ያቆሙት ከፍርዱ አራት ዓመት በፊት ነበር።

ማንነት የሚባለውም ነገር እዚህ የስሜት ጉዳይ አይደለም። አንድ ሠዓሊ ደስ ያለውን ምልክት አንሥቶ ሊሥል አይችልም፤ በትውልድ መብት ያገኘውን ብቻ ይሥላል። ከ43ቱ አንዱ የነበሩት ዴቪድ ማላንጊ ይህ መብት ሲጣስ ምን እንደሚመስል ቀድመው ያወቁ ሰው ናቸው። አውስትራልያ በ1966 አዲስ ገንዘብ ስታወጣ፣ በአንዱ ዶላር ወረቀት ጀርባ ላይ የታተመው ሥዕል ከማላንጊ ሥራ የተወሰደ ነበር፤ ፈቃዳቸውን ግን የጠየቀ አልነበረም። ነገሩ ከታወቀ በኋላ 1000 ዶላር፣ አንድ ሜዳልያና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ተሰጣቸው። ሥዕሉ የሚያሳየው ጉርሚሪንጉ የተባለውን ጥንታዊ አዳኝና አባት የቀብር ሥርዓት ነው። የአንድ ነገድ አባት ለቅሶ በአገሩ ሁሉ ኪስ ውስጥ ገብቶ የገበያ መለወጫ ሆነ ማለት ነው። ማላንጊ በመታሰቢያው ላይ ይኸንኑ የነገዳቸውን ሀብት በራሳቸው ፈቃድና በተገቢው ቦታ ሲያቆሙት፣ ተመልካቹ ሁለቱን ቢያነጻጽር ይጠቀማል።

የሁሉም ሠዓልያን እጅ እኩል አይደለም። የጂሚ ዉሉሉ የመስመር ጥራት በሩቅ ይለያል፤ ሌሎቹ ደግሞ ቀለል ያሉና የተቻኰሉ የሚመስሉ አሉ። ይሁን እንጂ በመቃብር ስፍራ መካከል ቆሞ ከሐውልት ሐውልት ማማረጥ አግባብ አይደለም፤ ሥራውም እንዲህ ያለውን ምርጫ አይጋብዝም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ክርክር አለ። መታሰቢያው ሊፈጸም የቻለው ብሔራዊው ቤተ መዘክር ስለገዛው ነው። በዳይ የተባለው መንግሥት ገንዘቡን ከከፈለና በራሱ ቤት ካስቀመጠው፣ እምቢታው ወዴት አለ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በኢትዮጵያ የዱሮ ሕግ ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ሆነው ይኖሩ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ነገሩን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። ባለገንዘቡ ከባለዕዳው ቤት መዋሉ መሸነፉን አያመለክትም። ደግሞም በዚያችው ከተማ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ በ1941 የተመረቀው የጦር መታሰቢያ አለ። ያ ቤት በውጭ አገር ጦርነት የወደቁትን በስማቸው ሲዘክር፣ በገዛ ምድራቸው ከሰፋሪዎች ጋር ሲዋጉ የወደቁትን ለብዙ ዓመታት ከዝክሩ ውጭ አድርጎ ኖሯል፤ ለእነርሱ ሰፋ ያለ ስፍራ እንደሚሰጥ የተነገረው በ2022 ነው። ይህን ያህል ዘመን በካንቤራ የእነርሱን መታሰቢያነት የያዙት ግንዶቹ ናቸው።

የማይፈታው ችግር የመጠበቁ ጉዳይ ነው። ዱፑን የሚሠራው እንዲበሰብስ ነው፤ ቤተ መዘክር የሚሠራው እንዳይበሰብስ ለማድረግ ነው። ግንዱን ባዶ ያደረገው ምስጥ ዛሬ ወደ አዳራሹ ዝር እንዳይል ይጠበቃል። በኮንሶ ለጀግኖች መቃብር የሚቆሙት የእንጨት ሐውልቶች፣ ዋካዎቹ፣ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። ከመቃብራቸው እየተነቀሉ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ፣ የተረፉትን ለማዳን በካራት ቤተ መዘክር ማቆም ግድ ሆኗል። ነገር ግን በኮንሶና በካንቤራ መካከል ያለውን ልዩነት መዘንጋት አይገባም። ዋካው ከመቃብሩ ተነጥቆ የተወሰደ ነው፤ የራሚንጊኒንግ ግንዶች ግን ከመጀመሪያው ለአዳራሽ የተሠሩና አጥንት ያልገባባቸው ናቸው። ሠዓልያኑ የሥርዓቱን መልክ ለሕዝብ አሳዩ፤ ሥርዓቱን ግን ከአገራቸው አላወጡም። አስተዋይነታቸውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ወደ ውጭ አገርም ተጉዞ በሎዛን፣ በሃኖፈርና በሴንት ፒተርስበርግ ታይቷል። በካንቤራም ውስጥ ቦታው ተለዋውጧል፤ በ2010 ወደ አዲሱ መግቢያ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ቤቱ መካከል ተዛውሯል። መግቢያ ላይ ሲቆም እንግዳ ተቀባይ ጌጥ የመምሰል አደጋ ነበረበት። መካከለኛው ስፍራ የተሻለ ነው፤ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ለማለፍ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከግንዶቹ ጋር ይገናኛል። የሚቀረው የተመልካቹ ፋንታ ነው፤ ይኸውም ዳር ቆሞ ከማየት ይልቅ ወንዙን ተከትሎ እስከ ባሕሩ ድረስ መሄድ ነው።