ያረጀ ቃል በአዲስ አፍ

በዚህ ዓመት በግቢያችን አንድ ፋሽን ተነሥቷል፤ የልብስ ሳይሆን የአነጋገር። ካፌ ሰልፍ ላይ አንዱ ሌላውን ቀድሞ ሊገባ ሲል «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ኪሱ የነጠፈ ተማሪ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። ጓደኛ ጓደኛውን «ጓድ» ይለዋል፤ ጭፈራ የሚወደውን «ጆሊ ጃክ» ይለዋል፤ የተረፈ ፓስታ ጠራርጎ የበላውም «እርምጃ ወሰድኩበት» እያለ ይስቃል። ነገሩ ያስቃል፣ አይካድም። ሆኖም ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን የምንል ሰዎች ከሳቁ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ልናነሣ የሚገባን ይመስለናል፤ ይኸውም ቃሉ ከየት መጣ፣ አሁንስ የሚሳቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው።

ከ«በሕግ አምላክ» እንጀምር። በድሮው ሥርዓት ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። ጉልበተኛ ሊመታው የተነሣበት፣ ባለዕዳ ሊያመልጠው ያለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ወይም በዘመኑ ንጉሥ ስም «በምኒልክ አምላክ!» ካለ ያ ሰው መቆም ነበረበት። ጥሶ ቢሄድ ጥፋቱ በሕጉና በንጉሡ ላይ ይሆንበታል። ዱላ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ አንዲት ቃል ብቻ! ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ «ቁራኛ» የሚባለው ይህ ነው። (ዛሬ አንድን ሰው «በዓይን ቁራኛ ጠበቅነው» ስንል ያንኑ ቋጠሮ በአፋችን ይዘን መዞራችን ነው፤ ልብ አንለውም እንጂ።) እንግዲህ በካፌው ሰልፍ ላይ የሚጮኸውን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ቀጭኑና አጭሩ ልጅ ነው፤ የሚቆመው ደግሞ ባለ ትከሻው ነው። እየሳቀም ቢሆን ይቆማል። በእኛ አስተያየት ከፋሽኑ ሁሉ የተዋጣለት ይኸኛው ነው፤ ቃሉ ቢያረጅም ሥራውን አልፈታም።

«ጓድ»ና «ጆሊ ጃክ» ብዙ አያከራክሩም። በ1960ዎቹ ዓመታት ፖለቲካ የማያሳስበው፣ ልቡ ዳንስና ልብስ ላይ የሆነው ወጣት የሚወቀስበት ስድብ ዛሬ ሙገሳ ሆኗል፤ ተሰዳቢው ራሱ ደስ ብሎት ይቀበለዋል። ይሁን።

«እርምጃ» ግን ሌላ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። የመሥሪያ ቤት ቃል ይመስላል፤ ተንኮሉም እዚያው ላይ ነው። ሰው መግደልን ደብዳቤ እንደ መፈረም አስመስሎታል፤ ማን ፈረደ፣ የት ተቀበረ የሚለውን ጥያቄ ሸፍኖታል። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች ያስታውሳል፤ አብዛኞቹ የእኛ እኩያ ናቸው። ከመካከላችን አጎቱን ወይም አያቱን በዚያ ቃል ያጣ ስንት አለ? ፓስታው ጠረጴዛ ላይ አብሮን የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ እናውቃለን?

«ሕዝብ ፍርሃቱን የሚያሸንፈው እየሳቀ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። ግን በዚያ ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቃሉ የቀለደ ሰው ለቀልዱ ዋጋ ሊከፍልበት ይችል ነበር። የእኛ ቀልድ ምን ያስከፍላል? ይከልከል አንልም፤ ቃል በክልከላ አይጠፋም። የተናጋሪው ሆድ ግን ቃሉን ያውቀው እንደ ሆነ ቢያንስ ጥያቄ ነው።

ይበልጥ የሚቆጠቁጠን የቀረው ነው። ከመንዝ ወይም ከጎጃም የመጣ ተማሪ ከቤት የተላከለትን ቆሎ ይዘረጋና «በሞቴ ብሉ»፣ «አፈር ስሆን» ይላል። እናቱ የምትለው ነው፤ ከዚህ ሌላ መጋበዣ አያውቅም። ታዲያ ሙድ ይያዝበታል፤ «ፋራ!» ይባላል። በሳምንቱ የከተማው ልጅ ያንኑ «አፈር ስሆን» ድምፁን አጎርንኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይለዋል። ጠረጴዛው በሳቅ ይናጋል፤ «እንዴት ያለ አራዳ ነው!» ይባላል። ቃሉ አንድ፣ ቆሎው አንድ። ወርሶ የተናገረው ተሰደበ፤ ተበድሮ የተናገረው ተጨበጨበለት። ያ ልጅ በሁለተኛው ወር መጋበዙን አልተወም፤ «በሞቴ»ን ግን ተወ። አሁን «ብሉ እንጂ» ብቻ ይላል።

«አራዳ» ራሱ የቦታ ስም መሆኑን የዘነጋን እንመስላለን። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው የአዲስ አበባ ገበያ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረ፤ ሰፈሩም ፒያሳ ተባለ፤ «አራዳ» ግን ከቦታ አልፎ የሰው ጠባይ ሆነ። ያ ገበያ የቆመው ደግሞ ቅቤና እህል ጭኖ በሚመጣው ባላገር ነበር።

ወደ ድርሰቶቻችን እንምጣ፤ ፋሽኑ እነሱንም ነክቷቸዋልና። በቅርቡ ካነበብናቸው አጫጭር ልብ ወለዶች በአንዱ፣ በምኒልክ ዘመን የሚኖር ነጋዴ «ወደ ፒያሳ ወረድ ብሎ» ሽልንግ ከፍሎ ጠጅ ይጠጣል። ፒያሳ ከጣልያን በፊት አልነበረችም። ሽልንግም ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ከእንግሊዞች ጋር የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ሲተካው ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ተመነዘረ፤ ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» የተባለው በዚሁ ነው። ደራሲው አሮጌ ቃል ፈለገ እንጂ የነጋዴውን ቃል አልፈለገም።

በዓሉ ግርማን አስቡት። በ1975 ዓ.ም. ላሳተመው መጽሐፍ አስመራ ከጣልያንኛ ወርሳ «አበቃለት» እንደ ማለት የምትጠቀምበትን የመንገድ ቃል አንሥቶ ርእስ አደረገው፤ «ኦሮማይ»። ቃሉን ለጌጥ አልሰካውም፤ የሚተርከው ዘመቻ የተካሄደባት ከተማ፣ ሰዎቿ በየዕለቱ የሚሉት ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ። ዛሬ ፈተና የወደቀ ተማሪ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ኦሮማይ» ሲል ከነክብደቱ ይሰማናል፤ ቀልዱም አይበላሽም።

ደራሲው ጓደኛችንም ሽልንጉን ከነጋዴው ኪስ ያውጣልን፤ ለጠጁ ጠገራ ብር ይበቃዋል፣ መልስም ይተርፈዋል።