ስሜቱ የማን ነው? ሦስት የናይሮቢ ዘፈኖች

ዘፈን ለምን ሆድ ያባባል ሲባል እኛ ዘንድ መልሱ በቅድሚያ የሚፈለገው ቅኝቱ ውስጥ ነው። ክራሩ በትዝታ ከተቃኘ ግጥሙ ሳይጀመር አድማጭ ይተክዛል። የናይሮቢ የቅርብ ጊዜ የሙዚቃ ታሪክ ግን ይህን መልስ ጎዶሎ ያደርገዋል። ከተማዋን ያስለቀሱና ያነሣሡ ሦስት ዘፈኖች በስልትም በቋንቋም አይመሳሰሉም። የሚያገናኛቸው ስሜቱን የጨመረባቸው አድማጩና አጋጣሚው መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የኤሪክ ዋይናይና «ኬንያ ኦንሊ» ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ናይሮቢ ውስጥ 213 ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡም ይህን ዘፈን ለሐዘኑ መረጠው። በአዋጅ የወጣ የሐዘን መዝሙር አልነበረም፤ ማዕረጉን የሰጠው ሐዘንተኛው ራሱ ነው።

ሁለተኛው፣ ጊዲ ጊዲ ማጂ ማጂ የተባሉት ሁለት ወጣቶች በ2002 ያወጡት «አንብዎጌብል» ነው። ሉኦና እንግሊዝኛ የተደባለቁበት ይህ ሂፕ ሆፕ ከእኛ ፉከራ ጋር ይቀራረባል፤ ዘፋኙ «የሚያስፈራኝ የለም» ብሎ ደረቱን ይነፋል። የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ናርክ ለምርጫ ቅስቀሳ ሲወስደው «እኔ» የነበረው «እኛ» ሆነ። የዳንኤል አራፕ ሞይ የ24 ዓመት አገዛዝ አብቅቶ ምዋይ ኪባኪ ዲሴምበር 30 በኡሁሩ ፓርክ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሆኖም በ2005 የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ጥምረቱ ለሁለት ተከፈለ። ከዘፈኑ አንድም ቃል አልተለወጠም፤ የፈረሰው «እኛ» ያለው ወገን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ይገርማል። የዋዳግሊዝ «አንጉካ ናዮ» የጭፈራ ዘፈን ነው። ምቱ ከባድ፣ አዝማቹ አጭር ነው፤ አዝማቹ ሲመጣ ጨፋሪው ጉልበቱን አጥፎ ወደ መሬት ይወርዳል። በጁን 2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን የተቃወሙ ወጣቶች ይህንኑ ጭፈራ አስለቃሽ ጭስ በሚተኮስበት አስፋልት ላይ አወረዱት። ጁን 25 ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ጁላይ 7 ደግሞ ወጣቶች ለሟቾቹ መታሰቢያ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ኮንሰርት አደረጉ። ከዚያ ወር በኋላ «አንጉካ ናዮ»ን የሰማ ሰልፈኛ ከጭፈራው ጋር የወደቁትንም ያስታውሳል።

ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» የፍቅር ዘፈን ሆኖ ሳለ ፖለቲካዊ ትርጉም ተሰጥቶታል። ልዩነቱ እኛ በልማድ ወርቁን የደበቀው ገጣሚው ነው ብለን መፈለጋችን ነው። «አንጉካ ናዮ» ውስጥ ግን የተደበቀ ወርቅ አልነበረም፤ ሰሙን አግኝቶ ወርቁን ያፈሰሰበት ሰልፈኛው ነው።

ይህ ማለት ግን ዜማና ምት ሚና የላቸውም ማለት አይደለም። ሺህ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሊለው የማይችል አዝማች አደባባይ አይወጣም። ቅርጹ በሩን ይከፍታል፤ ማን በምን ስሜት እንደሚገባበት ግን አይወስንም። ስለዚህ ሐያሲ ዘፈንን ሲመዝን ከግጥሙና ከዜማው ጋር የተዘፈነበትን ቀንና አደባባይም መመዝገብ አለበት። አለዚያ «አንጉካ ናዮ» ለነገ አጥኚ ተራ የጭፈራ ዘፈን ሆኖ ይቀራል።