የዚሃር ፍርድና ተንጠልጥላ የምትቀር ሚስት፦ ከሚዛን ተፈሪ ሲታይ

በጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት በነበረው) ዘመን ዐረብ ባል ሚስቱን «አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ካላት ከመኝታዋ ይለይ ነበር። ንግግሩ እንደ ፍቺ ይቆጠር እንጂ ሴቲቱን ሌላ ባል እንዳታገባ አስሮ ለማቆየትም ያገለግል ነበር። ይህ ዚሃር ይባላል። ቁርኣን በዚህ ልማድ ላይ የሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እንደ ከፋራ (የማስተሰረያ) ዝርዝር ብቻ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፦ የድንጋጌው ዋና ዓላማ ሴቲቱ ተንጠልጥላ እንዳትቀር ማድረግ ስለሆነ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ልዩነትም በዚሁ መመዘን አለበት።

ዓላማው ከሱረቱል ሙጃደላ መነሻ ይታያል። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት ዚሃር ባደረገባት ጊዜ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት አለች። በሐዲስ እንደተዘገበው፣ እዚያው ቤት የነበረችው ዓኢሻ እንኳ የኸውላ ንግግር በከፊል አልተሰማትም። ምዕራፉ የሚከፈተው አላህ ያንን አቤቱታ መስማቱን በመግለጽ ነው። ቀጥሎም ሚስት በንግግር እናት እንደማትሆን ይደነግጋል፤ ንግግሩንም ውሸት ይለዋል። ስለዚህ ጋብቻው አይፈርስም፤ ተናጋሪው ግን ዋጋ ይከፍላል። ሚስቱን ከመንካቱ በፊት ባሪያ ነፃ ያወጣል፤ ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል፤ ካልቻለ 60 ድሆችን ያበላል።

ክርክሩ ያለው ከፋራው የሚጸናው መቼ ነው በሚለው ላይ ነው። አንቀጹ ዕዳውን ከባልየው «መመለስ» ጋር ያያይዘዋል። ከፊቅህ መዝሀቦች ዛሂሪዮች መመለስ ማለት ቃሉን ደግሞ መናገር ነው አሉ፤ ይህ አንዴ ተናግሮ ዝም ያለን ባል ያለ ዕዳ ይለቀዋል። ሐነፊዮች ለግንኙነት መቁረጥ ነው ይላሉ። ሻፊዒዮች ደግሞ መፍታት እየቻለ ይዟት መቆየቱ ነው ይላሉ። ለዓላማው የሚቀርበው የሻፊዒዮች ንባብ ነው፤ በዚህ ንባብ ባልየው ዝም ብሎ በመቀመጥ አያመልጥም፣ ወይ ይፈታል ወይ ዕዳው ይጸናበታል። ሱረቱል ኒሳእ 129 ሚስትን አንጠልጥሎ መተውን መከልከሉ፣ አል-በቀራ 226 ደግሞ ሚስቱን ላይቀርብ ለማለ ባል 4 ወር ብቻ መፍቀዱ ይህን ያጠናክራል።

ከወሎ፣ ከጅማና ከስልጤ የመጡ ሙስሊሞች በሚኖሩባቸው በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ፍርዱ ከኑሮ ጋር ይጋጠማል። የከፋራው የመጀመሪያ ደረጃ እዚህ ከባድ ትዝታ አለው፤ የማጂ፣ የቤንችና የካፋ ሰው ለባርነት ሲፈነገል የኖረ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። ነፃ የሚወጣ ባሪያ ስለሌለ ፍርዱ ወደ ጾም ያልፋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልተሻረም። ገንዘብ ያለው ነጋዴ ጾሙን ዘሎ ድሆችን ላብላ ማለት አይችልም። ለቡና ለቃሚ በለቀማ ወራት ሁለት ወር ሳያቋርጡ መጾም ይከብዳል፤ ክብደቱ ግን ከቃሉ ክብደት ጋር የተመጣጠነ ነው። በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም ያልቻለ ያበላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ለ60 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ከአገሩ ዋና እህል አንድ ሙድ (የእህል መስፈሪያ) ይሰፈራል፤ ለዚህ አካባቢ በቆሎ ይስማማል። ሐነፊዮች አንዱን ድሃ 60 ቀን ማብላትም ይበቃል ይላሉ።

ባልየው ከፋራውንም ፍቺውንም እምቢ ቢልስ? ማሊኪዮች እየቻለ ሚስቱን ለመጉዳት የሚያዘገይን ባል በ4 ወሩ ገደብ ይይዙታል፤ ሐነፊዮችም ቃዲው ያስገድደው ይላሉ። በእኛ አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ያለ ፈቃዷ ወደ ሸሪዓ ችሎት የማትቀርብ ሴት፣ ፈቅዳ ስትቀርብ ደግሞ አቤቱታዋ እንደ ኸውላ አቤቱታ ሊሰማ ይገባዋል። ስለዚህ ቃዲውም ሆነ የመስጊዱ ኢማም «ምን ብሎሽ ነው?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «ከተወሽ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብለው ይጠይቁ። የፍርዱ ዓላማ የሚጠበቀው ከዚያ ሲጀመር ነው።