ሆደ ሰፊው ገጸ ባሕርይ

እ.ኤ.አ. በ2008 ማስቲፍ የተባለ ኩባንያ ለኒንቴንዶ ዊ «ሜጀር ሊግ ኢቲንግ፦ ዘ ጌም» የሚል ጨዋታ አወጣ። ነገሩ እንደ ስሙ ነው፣ የመብላት ውድድር። ገጸ ባሕርያቱ ፈጠራ አይደሉም። ጆይ ቼስትነትን ጨምሮ በአሜሪካ መድረኮች ላይ በስማቸው የሚታወቁ እውነተኛ በላተኞች ናቸው። ሁለት ሰዎች ይፋጠጣሉ፤ ተጫዋቾቹ የዊውን መቆጣጠሪያ እያወዛወዙ ምግቡን ወደ አፍ ይወረውራሉ፤ በመሀል በግሳት ይጠቃቃሉ፤ ሆዱ አልችል ያለው ያስመልሰዋል፣ አለቀ። ዛሬ ጨዋታውን ገዝቶ መጫወት አይቻልም። በኦንላይን ብቻ ይሸጥ ስለነበር የዊ ሱቅ በ2019 ሲዘጋ አብሮ ቀረ። እኔም ያየሁት ሰዎች ሲጫወቱ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ከጫኑት ነው።

ጨዋታው አስቀያሚ ነው ልል አይደለም። ግሳት ያስቃል፣ መቼም ያስቃል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስለ መብላት የተሠራ ጨዋታ ሆኖ ረሃብ የሚባል ነገር የለበትም። ጥጋብም ቢሆን በወጉ የለም። ያለው የማስመለስ መለኪያ ብቻ ነው፤ ይሞላል፣ ይፈሳል። ሆድ ማለት እዚያ ውስጥ ጀሪካን ነው።

እውነተኛው ታሪክ ግን ከጀሪካን በጣም ይርቃል። ታኬሩ ኮባያሺን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህ ቀጭን ጃፓናዊ ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ በየዓመቱ በሚካሄደው የናታንስ ውድድር ቀርቦ በ12 ደቂቃ 50 ሆትዶግ በላ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 25 ከምናምን ነበር። በእጥፍ! ዘዴው ቋሊማውን ለሁለት ሰብሮ ሁለቱንም ግማሽ አንድ ላይ መጉረስ፣ ዳቦውን ደግሞ ለብቻው ውሃ ውስጥ ነክሮ መዋጥ ነው። የመስበሩን ነገር «የሰሎሞን ዘዴ» ይሉታል፣ ሕፃኑን ለሁለት ቁረጡት ባለው ንጉሥ ስም። (የኛው የክብረ ነገሥቱ ሰሎሞንም ማክዳን ሌሊት ውሃ እንዲጠማት ብሎ ቅመም የበዛበት ራት ያበላት ነው። ሰውየው በምግብ ነገር ተንኮል አያጣም።)

ኮባያሺ ሆዱን በውሃ ብዛት እየለጠጠ ለዓመታት ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቼስትነት 66 ለ63 አሸነፈው። በ2024 ደግሞ ስለ ሆድና አንጀት በተሠራ የኔትፍሊክስ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቀርቦ ረሃብ የሚባለው ስሜት እንደጠፋበት ተናገረ፤ ከውድድር እንደሚወጣም ገለጸ። እንዲያም ሆኖ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከቼስትነት ጋር አንድ ጊዜ ተፋጠጠ፤ 83 ለ66 ተሸነፈ። ያውም በ10 ደቂቃ።

አስቡት። ይህ ለጨዋታ ሠሪ የተከፈተ በር ነው። ባሸነፍክ ቁጥር መለኪያህ መዋሸት የሚጀምርበት ጨዋታ፤ መጀመሪያ ጥጋብን መናገር ያቆማል፣ ቀጥሎ ረሃብን፣ በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ አንተ ግን ገና መብላት አለብህ። «ሜጀር ሊግ ኢቲንግ» እውነተኛ ሰዎችን በስማቸው አስገብቶ የሰዎቹን ፈተና ውጭ አስቀረው። ፊታቸውን ወሰደ፣ ሆዳቸውን ተወ።

ይቻል ነበር ወይ? ይቻል ነበር። ኮናሚ በ1983 ባወጣው «ትራክ ኤንድ ፊልድ» ላይ ለመሮጥ ሁለት ቁልፎችን እያፈራረቁ በፍጥነት መቀጥቀጥ ነው። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ጣት ይቃጠላል፣ ክንድ ይደርቃል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን የሯጩ ድካም በከፊልም ቢሆን ወደ ተጫዋቹ ሰውነት ተሻግሯል።

ይህ ለእኔ ዝም ብሎ የቴክኒክ ጉዳይ ያልሆነው ሱሉልታ ስለምኖር ነው። እዚህ ሰው በሰውነቱ ሲወዳደር ማየት የዕለት ኑሮ ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ በመስመር የሚያልፉትን አትሌቶች ላም ጠባቂው ልጅ ሳይቀር በሩጫቸው ይለያቸዋል። ቀነኒሳ በቀለ የሮጫ ትራኩን የሠራው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ 5000 ሜትርን የጨረሰው በ12:37.35 ነው። ኮባያሺም 50ውን ለመብላት የተሰጠው 12 ደቂቃ ነበር። የቀነኒሳን 12 ደቂቃ የሱሉልታ ሰው ያለ አስረጂ ይረዳዋል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ታክሲ እንዳያመልጠው የሮጠ ሁሉ ትንፋሽ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። የኮባያሺን 12 ደቂቃ የሚያስረዳን ሥራ ግን ያስፈልገን ነበር፤ የተሰጠን ግሳት ነው።

«እሱ ደግሞ ስፖርት ሆኖ ነው?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ መከራከር አልፈልግም። በአማርኛ ይህን ሰው ምን እንደምንለው ማየት ይሻላል። የመጀመሪያው ቃል «ሆዳም» ነው፤ እሱ ደግሞ በልቶ አደርን ብቻ ሳይሆን ለጥቅም የተሸጠ ካድሬንም ይጨምራል። ሁለተኛው «ሆደ ሰፊ» ነው፤ እና ይሄ ምስጋና ነው! ታጋሽ፣ ነገር ችሎ የሚያሳልፍ ማለት። ሆዳችን ይባባል፣ ይከፋል፣ ይሸሻል፤ የማይነገር ነገር ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ እዚያው ይቀመጣል። በዚህ ቋንቋ ላደገ ሰው ሆድን በአንድ መለኪያ መሥራት ልብን ፓምፕ ብሎ እንደ ማለፍ ነው። ልክ ነው፣ ግን ምን ቀረ?

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ። በሆዱ ምክንያት የቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ የሆነ ኢትዮጵያዊ አለ ወይ? አለ። «ሳውዝ ፓርክ» እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የምስጋና ቀን ክፍል ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ አይተው ለእርዳታ ይመዘገባሉ፤ የጓጉት ለስጦታው ሰዓት ነው፤ በስህተት ግን ከኢትዮጵያ አንድ ልጅ ይላክላቸዋል። ስሙን ስታርቪን ማርቪን ይሉታል፣ «ርሃብተኛው ማርቪን» እንደ ማለት። አጥንቱ የወጣ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ በምላስ ጠቅታ የሚናገር፤ አማርኛም አይደለ፣ ኦሮምኛም አይደለ፣ ምንም አይደለ። በ1998 ለኒንቴንዶ 64 በወጣው የ«ሳውዝ ፓርክ» ጨዋታ ላይ ከጓደኛ ጋር ሲጫወቱ ከሚመረጡት ገጸ ባሕርያት አንዱ እሱ ነው።

ክፍሉ ያሾፈው በአሜሪካውያን የእርዳታ ስሜት ላይ እንጂ በልጁ ላይ አይደለም የሚል ክርክር አለ። ስለ ቴሌቪዥኑ ከሆነ እስማማለሁ፤ ስላቁ ስለታም ነው፣ የሚወጋውም እነሱን ነው። ጨዋታው ውስጥ ግን ታሪኩ የለም፣ ለጋሾቹ የሉም፣ ቡፌው የለም። ስላቁ ቀርቶ አጥንቱ ብቻ ተሻገረ። የ77ቱ ድርቅ አሥራ ምናምን ዓመት ቆይቶ የሚመረጥ ቆዳ ሆነ።

ቼስትነትን እና ማርቪንን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የማየው ያው ጀሪካን ነው። አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ባዶ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው። ከሁለቱም ጋር የተቀመጠ፣ «እንብላ» ያለ ሰው የለም።

ከኛ ወገን የተሞከረ ነገር ሲፈለግ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ የሠራው «ኩኩሉ» ይመጣል። ዶሮ ሆኖ ከገበሬ መሮጥ ነው። ሩጫው ከ«ሰብዌይ ሰርፈርስ» ብዙም አይርቅም፣ በዚህ በኩል አዲስ ነገር አልጠብቅም። አቀማመጡ ግን ይገርመኛል፤ በመብላት ዙሪያ የተሠራው የኛ ጨዋታ ተጫዋቹን የሚበላው በኩል አስቀመጠው። የበዓል ዋዜማ ሱሉልታ ላይ እግራቸው ታስሮ በባጃጅ የሚሄዱትን ዶሮዎች ላየ ሰው ቀልዱ ሳይነገረው ይገባዋል። ቢያንስ እዚያ ውስጥ መብላት መዘዝ አለው።

የምመኘው ግን ሌላ ነው፤ የማዕድ ጨዋታ። አራት ሰው፣ አንድ ትሪ። ለራስ የጎረሱት ነጥብ የለውም፣ ነጥብ የሚመጣው ሌላው ሲያጎርስ ብቻ ነው። ትንሽ ካጎረሱ ንፉግ፣ ካበዙት ያንቃል። «በቃኝ» ያለው ሰው እውነቱን ነው ወይስ «በሞቴ» እስኪባል እየጠበቀ ነው? ይህን ከፊቱ ማንበብ ነው ችሎታው። አንዱ ካጎረሰ ሁለተኛውን መድገም ግዴታ ነው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላላ። በጾም ቀን ትሪው ይቀየራል፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ከቤት ሳይበላ መጥቶ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ መናገርም አይችልም። ረሃብ ጨዋታ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ይመስለኛል፤ የሚታይ መለኪያ ሳይሆን የተደበቀ ካርታ ሆኖ። እንደ ኮባያሺ በ12 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው እዚህ ማዕድ ላይ ቢቀመጥ ትሪው በፊቱ በኩል ይራቆትበታል፤ ማንም ምንም አይለውም፣ እጃቸውን ብቻ ቀስ ብለው ይሰበስባሉ።

ደግሞ የሚቆጨው ዕቃው በ2008 በእጃቸው ነበር። የዊ መቆጣጠሪያ ክንድን ዘርግቶ ወደ አፍ ማድረስን ያውቃል፤ ሁለት ተጫዋቾችም አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የእጁን አቅጣጫ ወደ ጎን ማዞር ብቻ ነበር የቀረው።