ከጨፌው ዳር፦ የውኃ ወፎችን ስለ መከታተልና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ጭምር፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ ደግሞ ከብት የሚሰማራበት ለጥ ያለ የሣር መሬት ጨፌ ይባላል። የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር በጋን መጋቢት 25 ቀን አስፈጽሞ በማግስቱ ጸደይን ያስገባል፤ የውኃ ወፎችን ለሚከታተል ሰው የሚመቸውም በዚሁ መሸጋገሪያ ዙሪያ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው፤ ጨፌው እየደረቀ ሲሄድ በሰፊው ተበትነው የከረሙት ዳክዬዎች፣ ዝይዎችና ሽመላዎች ውኃ ወደ ቀረበት ወደ ላህና ወደ ብር ወንዝ ዳርቻ፣ ከፍኖተ ሰላም ብዙም ወደማይርቀው የገራይ ሐይቅም ይጠጋሉ።

ይሁን እንጂ ወፉ መቅረቡ የፎቶግራፍ አንሺውን ብልሃት አያሳይም፤ የሚሄድበት ሌላ ውኃ የለውምና። ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው የከረሙት ወፎች በዚህ ወቅት ለመልሱ ጉዞ ስንቅ የሚሆናቸውን ስብ ያጠራቅማሉ፤ ጭራዋን ዘወትር የምታወዛውዘው ትንሿ ቢጫ ወፍም ከመሄዷ በፊት ላባዋን ቀይራ ከወትሮው ደምቃ ትታያለች። ለአንድ ምስል ሲባል መንጋውን ደጋግሞ ማስነሣት ይህን ስንቅ ያባክናል፤ የሚገኘውም ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሽ ወፍ ጀርባ ነው።

የተሻለው መንገድ ከእረኛ የሚገኝ ነው። ወፎቹ ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ ከሚራመድ ሰው ይሸሻሉ፤ ቀስ እያሉ ከሚግጡ ከብቶች ግን ብዙም አይርቁም፤ እንዲያውም ከሣሩ የሚነሣውን ነፍሳት ለመልቀም ከኮቴያቸው ሥር የሚውሉ አሉ። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው እረኛውን አስፈቅዶ ከመንጋው ጎን ዝቅ ብሎ ቢቀመጥና መንጋው ሲራመድ ብቻ ቢራመድ፣ ለመደበቂያ ከሚተከል ድንኳን ይልቅ ይጠቅመዋል። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የማሳየት ኃይሉ፣ 400 ወይም 600 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ካሜራውን በወፉ ዓይን ልክ ዝቅ ማድረግ ግን ከሌንሱ ዋጋ በላይ ምስሉን ይለውጠዋል።

ከርቀት ይልቅ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ ወደ ሚያዝያ 10 ቀን አካባቢ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የወፉ ጀርባ ነጥቶ ሆዱ ይጠቁራል። የጋለው መሬት የሚያነሣው የአየር እንቅስቃሴም ሩቁን ምስል ያንቀጠቅጣል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም። የማሳ ቃጠሎ ጭስና አቧራም ሲጨመርበት፣ ከማለዳ እስከ 3 ሰዓት ካለው ጊዜ በቀር የሚረባ ሥራ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አየሩን ሲያጠራው ሥራው ይቀላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ሄደዋል።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል ግራጫው ክሬን፣ ረጅም እግርና አንገት ያለው ትልቅ ወፍ፣ ለብቻው መነገር አለበት። ከሰሜን አውሮፓ መጥቶ በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በተለይ በፎገራ ሜዳ፣ ይከርማል፤ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ቆሞ አድሮ ቀን አዝመራው በተነሣበት ማሳ የወደቀ እህል ይለቅማል። አጥኚዎች በአንዳንዶቹ ክሬኖች እግር ላይ ባለቀለም ቀለበት ስለሚያስሩ፣ ቀለሙን በቅደም ተከተሉ የሚያሳይ የእግር ፎቶግራፍ ወፉ የት እንደ ተፈለፈለ ሊያስታውቅ ይችላል፤ በጨፌ ሣር ውስጥ የቆመ ክሬን ግን እግሩ አይታይም። ፎገራ ከሐይቁ በስተምሥራቅ በመሆኑ መንጋው ጠዋት ወደ ፀሐይ መውጫ ይበርራል፤ አስቀድሞ ከታጨደው ማሳ ምሥራቃዊ ዳር ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ የተቀመጠ ሰው ወፎቹን ፊት ለፊት በበራ ብርሃን ይቀበላቸዋል፤ ሲያርፉም በአጭሩ ቃርሚያ ላይ እግራቸውን ከነቀለበቱ ያያል።