ዝናቡ ምስክር ሲሆን

ባለፈው መርሳ ወርጄ፣ ገበያው ዳር ሻይ እየጠጣሁ፣ ላንድ ሽማግሌ ገበሬ የሰብል መድንን ላስረዳ ሞከርኩ።

«ዝናብ ከቀረ ይከፍሉኛል ነው የምትለኝ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አንበጣ የበላውንስ?»

መልስ አልነበረኝም። ወሬውን ያመጣሁት ስቴፋን ዴርኮን ከሚባለው ቤልጅጋዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጽሑፎች ነው። የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነው፤ የሥራ ዘመኑን ብዙውን የገጠሩን ኢትዮጵያ ሥጋት ሲያጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሉክ ክርስቲያንሰን ጋር ያሳተመውን ጥናት በተለይ እወድለታለሁ። ገበሬው ማዳበሪያ አልገዛም ሲል «አልገባውም» እያልን የኖርን ሰዎች ነን፤ እኔም ብያለሁ። እነሱ ግን ሌላ ነገር አሳዩን። ዝናብ ከቀረ ሰብሉም ይሄዳል፣ የማዳበሪያው ወጪም ይባክናል። ያን ክፉ ዓመት የሚሻገርበት ጥሪት የሌለው ሰው አለመግዛቱ ድንቁርና ሳይሆን ሒሳብ ነው።

መድኑ የመጣው ይህን ፍርሃት ሊያቀል ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከተባለ ኩባንያ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ ውል ገባ፤ አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር፣ መለኪያው የ26 ጣቢያዎች ዝናብ። የዚያ ዓመት ዝናብ ደህና ሆነና ካሳ አልተከፈለም። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ትግራይ፣ አዲሃ ላይ 200 አባወራዎች ገቡበት፤ ድሆቹ አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ ይህቺ ጥሩ ዘዴ ናት።

ውሉ ግን እንዴት ይሠራል? ማሳ የሚያይ ሰው አይላክም። ዝናቡ ከተቆረጠው መስመር በታች ከወረደ ይከፈላል፣ ካልወረደ የለም። ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ተራኪው ማን ነው?» እያልኩ አደክማቸው ነበር። እዚህ ተራኪው የዝናብ መለኪያው ወይም ሳተላይቱ ነው፤ ባለማሳው ምስክርነት እንኳ አይሰጥም። ሐብሩን የሚያውቅ ደግሞ ሜዳው ላይ የዘነበ ተራራው ላይ ሊቀር እንደሚችል ያውቃል።

ዴርኮን ይህ ጠፍቶት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰና ከሌሎች ጋር ባሳተመው ጥናት መድኑን ለእድሮች አቀረቡት፤ እኛ ወሎዎች ቅሬ ለምንለው። መሪዎቹ ካሳውን አባላቱ እርስ በርስ እንዴት እንደሚካፈሉት ሲማሩ ገዢው በረከተ። ኩባንያው ያላየውን ጎረቤት ያየዋል ማለት ነው። ግሩም ሐሳብ ነው።

የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ቅሬ የሚያካፍለው መጀመሪያ ካሳው ሲመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሐብሩንና የቆቦን ማሽላ አንበጣ ሲወርረው፣ ዝናብ ብቻ የሚቆጥር ውል በጄ አይልም። በዓመቱ ጦርነት መጣ፤ አጨዳው በዚያ መሐል ዋለ። እንዲህ ባለው ዓመት ጎረቤትም እንደ ጎረቤቱ ባዶ ነው፤ ማን ለማን ያካፍላል? የዝናብ ውል ሲሸጥ «የሰብል መድን» የሚለው ስም ተነሥቶ «የዝናብ መድን» ይባልና ገበሬው ምን እንደሚገዛ አውቆ ይግዛ። ሽማግሌውም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።